በሽታን በካርታ ያጠኑት ሐኪም
የዶክተር ዴኒስ በርኪት ሕይወትና የአንጀት ካንሰር ጉዳይ

ባለፈው ምዕተ ዓመት በአፍሪካ ምድር ከሠሩት የውጭ አገር ሐኪሞች መካከል እንደ ዶክተር ዴኒስ ፓርሰንስ በርኪት ስሙ ከሁለት የተለያዩ የካንሰር ዓይነቶች ጋር የሚነሣ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። አንደኛው የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጠውና እስከ ዛሬ በእርሳቸው ስም የሚጠራው ዕጢ ነው። ሁለተኛው የትልቁ አንጀት ካንሰር ሲሆን፣ በዚህኛው ስማቸው የሚነሣው በሽታውን በማግኘታቸው ሳይሆን፣ በአፍሪካ ገጠር እጅግ ጥቂት መሆኑን አስተውለው ምክንያቱን በምግብ ውስጥ በመፈለጋቸው ነው። ይህ ሁለተኛው ሥራቸው ዛሬ በሐዋሳም ሆነ በሌሎቹ ከተሞቻችን በጥንቃቄ እንደገና ሊታይ ይገባዋል። ከዚያ ዘመን የተወረሰው፣ የአንጀት ካንሰር የአፍሪካዊ በሽታ አይደለም፣ ይልቁንም የወጣት በሽታ አይደለም የሚለው እምነት ከጥቅሙ ጉዳቱ እየበለጠ መጥቷልና። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በርኪት በ1911 ዓ.ም. ዛሬ ሰሜን አየርላንድ በሚባለው ክፍል በኤኒስኪለን ተወለዱ። አባታቸው ጄምስ ፓርሰንስ በርኪት የፈርማና አውራጃ መሐንዲስ ነበሩ። የመንገዱና የድልድዩ ሥራ በእጃቸው ሆኖ ሳለ፣ በትርፍ ጊዜያቸው በጓሯቸው የሚኖሩትን ሮቢን የሚባሉ ትናንሽ ወፎች እየያዙ በእግራቸው ላይ ቀለበት ያስሩ፣ የእያንዳንዱንም ወፍ ግዛት ወሰን በካርታ ላይ ይነድፉ ነበር። እኒህ የአውራጃ መሐንዲስ በዓለም ምሁራን ዘንድ የታወቁት ባሠሯቸው መንገዶች ሳይሆን በዚህ የወፍ ጥናት መሆኑ የሚያስገርም ነው። ነገሩን ሁሉ ቦታ ቦታውን አስይዞ በካርታ ላይ የማየት ልማድ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉን የልጁ ሕይወት በኋላ ይመሰክራል።

በ11 ዓመታቸው በልጆች ጠብ መካከል የተወረወረ ድንጋይ መነጽራቸውን ሰብሮ አንድ ዓይናቸውን አጠፋው። በ1929 ደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ የገቡት የአባታቸውን ሙያ ለመከተል፣ ምሕንድስና ለመማር ነበር። ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሕክምና ተዛወሩ። ለዚህ ውሳኔ ያበቃቸው በኮሌጁ ሳሉ የጸናው የክርስትና እምነታቸው እንደ ነበረ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሁሉ ይስማሙበታል። በ1935 በሕክምና ተመረቁ፤ በ1938 የቀዶ ጥገና ሐኪምነታቸውን በኤዲንብራ አረጋገጡ። ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄደው ለማገልገል ያቀረቡት ማመልከቻ ግን አንድ ዓይን ያለው ቀዶ ጥገና ሐኪም አይሆንም ተብሎ ሳይፈቀድ ቀረ።

እርሳቸውን ወደ አፍሪካ ያመጣው ጦርነት ነው። ከ1941 ጀምሮ በእንግሊዝ ጦር የሕክምና ክፍል ሆነው በኬንያ፣ በጎረቤታችን በሶማሌላንድና በሴሎን አገለገሉ። ሰላም ከወረደ በኋላ በ1946 ወደ ኡጋንዳ ተመልሰው በሰሜኑ ክፍል በሊራ ከተማ ተመደቡ። በዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ የአባታቸውን ሥራ የሚመስል ነገር ሠሩ። የቆለጥ ከረጢታቸው ውኃ ቋጥሮ ለቀዶ ጥገና የሚመጡት ወንዶች ከአውራጃው ምሥራቃዊ ክፍል የሚበዙ፣ ከምዕራቡ ግን እጅግ የሚያንሱ መሆናቸውን አስተዋሉ። ማከም ብቻ ሥራቸው ሆኖ ሳለ፣ እያንዳንዱ ሕመምተኛ የመጣበትን መንደር እየጠየቁ በካርታ ላይ ምልክት አደረጉ። የኋላ ኋላ ልዩነቱ በትንኝ ከሚተላለፈው የፊላሪያ ትል ስርጭት ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ አነስተኛ ቢሆንም ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህች ካርታ የተቀዳ ነው ለማለት ይቻላል።

ከሊራ ወደ ካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል ከተዛወሩ በኋላ፣ በ1957 ባልደረባቸው ዶክተር ሂዩ ትሮዌል አንድ የ5 ዓመት ገደማ ሕፃን እንዲያዩላቸው ጠየቋቸው። የልጁ መንጋጋ ከላይም ከታችም፣ በግራም በቀኝም አብጦ ነበር። ኢንፌክሽን እንዳይባል በአራት አቅጣጫ ሊነሣ አይችልም፤ ካንሰር እንዳይባል እንደዚህ ተሰራጭቶ የሚጀምር ካንሰር አልታየም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በጂንጃ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ግቢ ሌላ ሕፃን በዚያው ዓይነት ዕጢ ተይዛ አዩ። አንድ ጊዜ ቢሆን እንቆቅልሽ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሲሆን ግን ፈለግ ነው። የሙላጎን የድሮ መዝገቦች ሁሉ አገላበጡ፤ ከዚህ ቀደም በተለያየ ስም ተጽፈው የቀሩ ብዙ የሕፃናት ዕጢዎች አንድ በሽታ መሆናቸውን ተረድተው በ1958 በጽሑፍ አወጡት።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ለምርምር ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል ለሚል ሁሉ ጥሩ መልስ ነው። በጥቂት ፓውንድ ሥዕል ያለበት ወረቀት አሳትመው በመላው አፍሪካ ለሚገኙ ሆስፒታሎች ላኩ፤ እንዲህ ያለ ሕፃን አይታችኋልን የሚል ጥያቄ ነበር። የመጡትን መልሶች በካርታ ላይ ባሰፈሩ ጊዜ በሽታው አህጉሩን እንደ መቀነት የታጠቀ ሆኖ ታየ። የመቀነቱን የደቡብ ጠርዝ ለማግኘት በጥቅምት 1961 ከሁለት ሐኪም ጓደኞቻቸው ጋር በ250 ፓውንድ በተገዛ አሮጌ የፎርድ መኪና ከካምፓላ ተነሡ። በ10 ሳምንት 10,000 ማይል፣ ማለት 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ስልሳ የሚጠጉ ሆስፒታሎችን ጎበኙ። በየደረሱበት የሚጠይቁት ያንኑ አንድ ጥያቄ ነበር። ከጉዞው የተገኘው መልስ የበሽታው ወሰን የዘርና የጎሣ ሳይሆን የሙቀትና የዝናብ ወሰን መሆኑ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ከ1,500 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ በሽታው ይጠፋል፤ ወደ ደቡብ በተኬደ መጠን የሚጠፋበት ከፍታ እየወረደ ይሄዳል። በዚያው ዓመት በለንደን የሰጡትን ንግግር ከሰሙት አንዱ አንቶኒ ኤፕስታይን ሲሆኑ፣ ከዚህ ተነሥተው ባደረጉት ምርምር በ1964 ኤፕስታይን ባር የሚባለው ቫይረስ ተገኘ። በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ቫይረሶች መጀመሪያ የታወቀው እርሱ ነው። በሙላጎ የጨረር ሕክምና ስላልነበረ በርኪት ሕፃናቱን በመድኃኒት ብቻ ለማከም ተገደዱ፤ አንዳንዶቹም በጥቂት መርፌ ፈጽመው ዳኑ።

ለብዙ ሰው ይህ ብቻ ለአንድ ዕድሜ በበቃ ነበር። በርኪት ግን በ1966 ወደ እንግሊዝ አገር ሲመለሱ ዕድሜያቸው 55 ሆኖ ሳለ ሌላ ሥራ ጀመሩ። ፒተር ክሊቭ የሚባሉ የባሕር ኃይል ሐኪም ስኳርና ነጭ ዱቄት የብዙ በሽታዎች ምንጭ ናቸው እያሉ ለዓመታት ሲጽፉ ሰሚ አላገኙም ነበር። በርኪት የክሊቭን ጽሑፍ ባነበቡ ጊዜ ያስታወሱት በአፍሪካ ያሳለፉትን ሃያ የሚጠጋ ዓመት ነው። በእንግሊዝ የቀዶ ጥገና ክፍል በየቀኑ የሚታዩት የትርፍ አንጀት ሕመም፣ የሐሞት ጠጠር፣ የአንጀት ግድግዳ መቋጠርና የትልቁ አንጀት ካንሰር በኡጋንዳ ገጠር እንደ ብርቅ የሚቆጠሩ ነበሩ። በፊት የዘረጉትን የሆስፒታሎች መረብ እንደገና አንቀሳቅሰው አብዛኞቹ የሚስዮን የሆኑ ከመቶ የሚበልጡ ሆስፒታሎች በየወሩ ስለነዚህ በሽታዎች ቁጥር እንዲልኩላቸው አደረጉ። መልሱ ከየአገሩ ተመሳሳይ መጣ። በርኪትም የክሊቭን አሳብ ገልብጠው ያዙት፤ ጉዳት የሚያደርሰው በምግብ ላይ የተጨመረው ስኳር ብቻ ሳይሆን ከምግብ ላይ የተነሣው አሰር፣ በተለምዶ ፋይበር የሚባለው ነው አሉ።

ይህን ለመፈተን የመረጡት መንገድ በጊዜው ብዙ ሐኪሞችን አስቋል። ከደቡብ አፍሪካው አሌክሳንደር ዎከርና ከእንግሊዙ ኒል ፔይንተር ጋር ሆነው በኤክስሬይ የሚታዩ ትናንሽ የፕላስቲክ ፍሬዎች ሰዎችን እያስዋጡ፣ ፍሬዎቹ ተመልሰው እስኪወጡ ድረስ የሚፈጀውን ሰዓትና የዓይነ ምድሩን ክብደት ለኩ። በ1972 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት የተለኩት ሰዎች 1,200 ያህል ነበሩ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰዎች የበሉት ከ80 ሰዓት በኋላ ሲወጣ የዕለት ዓይነ ምድራቸው 100 ግራም ያህል ነበር፤ የኡጋንዳ ገበሬዎች ግን 36 ሰዓት ያህል ብቻ ሲወስድባቸው ክብደቱ 470 ግራም ደረሰ። ነገሩ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። በአንድ ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ መርዝ ቢይዝ፣ በቱቦው ግድግዳ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በመርዙ ጥግግትና ግድግዳውን በሚነካበት ጊዜ ልክ ነው። አሰር የበዛበት ምግብ ይዘቱን አብዝቶ መርዙን ያቀጥናል፤ ፍጥነቱን ጨምሮ የመንካቱን ጊዜ ያሳጥራል። በርኪት ምሕንድስናን በመጀመሪያው ዓመት ቢተዉትም፣ አስተሳሰቡ የቀረባቸው አይመስልም።

በየአገሩ እየዞሩ በሚሰጡት ንግግር አንድ ሥዕል ዘወትር ያሳዩ ነበር። የቧንቧው ውኃ ተከፍቶ ገንዳው ሞልቶ እየፈሰሰ ሳለ ሁለት ሐኪሞች ወለሉን በትጋት ይወለውላሉ፤ ቧንቧውን ለመዝጋት የሚያስብ ግን የለም። የቀዶ ጥገና ሐኪም ሆነው ስለ ራሳቸው ሙያ ይህን መናገራቸው ጠላት አብዝቶባቸዋል።

ከዚህ ላይ ግን የበርኪት አሳብ ምን ያህል እንደ ጸና መመርመር ያስፈልጋል፤ ለሰውየው ያለ አክብሮት እንዳይከለክል። አሰር ብቻውን ጋሻ ነው ማለታቸው ከመጠን ያለፈ ነበር። በ2000 በአሜሪካ የወጡ ሁለት ጥናቶች፣ አንድ ጊዜ የአንጀት ኪንታሮት መሰል እብጠት፣ ማለት ፖሊፕ፣ የወጣላቸው ሰዎች አሰር ጨምረው በመመገባቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እብጠቱ እንደገና ከመብቀል እንዳልቀረ አሳይተዋል። በሌላ በኩል በ2003 የታተመው የአውሮፓ ታላቅ ጥናት አሰር አብዝተው በሚበሉ ሰዎች ላይ በሽታው አነስተኛ መሆኑን አረጋገጠ። በ2015 ደግሞ 20 ጥቁር አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ሰዎች ለሁለት ሳምንት ምግባቸውን ተለዋወጡ፤ በዚያች አጭር ጊዜ የአንጀታቸው ሽፋን ሁኔታ፣ በውስጡ የሚኖሩት ተሕዋስያንም ሥራ እርስ በርሱ ተቀያየረ። በዚያው ዓመት የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋ ለአንጀት ካንሰር ምክንያት መሆኑን አስታወቀ። እንግዲህ በርኪት አቅጣጫውን አልሳቱም፤ መንገዱ ግን እርሳቸው ከነደፉት ይልቅ ጠመዝማዛ ሆኖ ተገኝቷል።

ሁለተኛው ድካም የቁጥሩ ነው። የሚስዮን ሆስፒታሎች የሚልኩት ወደ እነርሱ የመጣውን ሕመምተኛ ቁጥር ነበር። አንጀትን በመሣሪያ ማየት በማይቻልበት፣ የሞተ ሰው ሥጋ በማይመረመርበት፣ ከሕዝቡ አብዛኛው ልጅና ወጣት በሆነበት አገር ያልተመዘገበው ሁሉ የሌለ መሰለ። በርኪት ራሳቸው በሽታው በዘር የሚመጣ ዕጣ አለመሆኑንና የአፍሪካ ሕዝብ ምግቡን በለወጠ ጊዜ በሽታውም እንደሚመጣ ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። ከንግግራቸው የተያዘው ግን የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ሆነ።

ያስጠነቀቁት ደግሞ ደርሷል። በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እንዳሳየው፣ የአንጀት ካንሰር ወንዶችን ከሚያጠቁት የካንሰር ዓይነቶች በግንባር ቀደምትነት ከሚቆጠሩት አንዱ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ከሕመምተኞቹ ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከ50 በታች መሆኑንና አብዛኞቹ በሽታው ከተስፋፋ በኋላ እንደሚመጡ ያስረዳሉ። የሕዝባችን ወጣትነት ከዚህ ውስጥ አንድ ክፍሉን ያስረዳል እንጂ ሁሉን አያስረዳም። በአሜሪካ በ2017 የወጣ ጥናት በ1990 አካባቢ የተወለደ ሰው፣ በ1950 አካባቢ የተወለደው በዚያው ዕድሜ ከነበረበት ጋር ሲነጻጸር፣ የደንዳኔ ካንሰር አደጋው 2 እጥፍ፣ የአንጀት መጨረሻው ክፍል ካንሰር አደጋው 4 እጥፍ መድረሱን አሳይቷል። በዚህም ምክንያት በዚያ አገር ጤነኛ ሰው ምርመራ የሚጀምርበት ዕድሜ ከ50 ወደ 45 ዝቅ ብሏል።

ሐዋሳ ለዚህ ጉዳይ የተመቸች ምሳሌ ናት። በ1960 ገደማ በሐይቁ ዳር የተቆረቆረች ከተማ እንደ መሆኗ፣ መላው ታሪኳ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይጠቃለላል፤ የምግቧም ለውጥ እንዲሁ። በዙሪያዋ ያለው የሲዳማ ገበሬ ከእንሰት የሚሠራውን ዋሳ ከጎመንና ከቦሎቄ ጋር ይበላል። ጤፍ ደግሞ ቅንጣቷ ከማነሷ የተነሣ ገለባዋን ለይቶ መጣል ስለማይቻል እንደ ተፈጠረች ትፈጫለች፤ በርኪት ቢፈልጉ ከዚህ የተሻለ እህል ባላገኙ ነበር። ከተማ ውስጥ ግን ፉርሽካው ለከብት ተለይቶ የፉርኖው ዱቄት ዳቦ ለሰው ይጋገራል፤ ፓስታ፣ ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራና ለስላሳ መጠጥ የተማሪውና የሠራተኛው የዕለት ቀለብ ሆነዋል። በ2016 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና ዩኒቨርሲቲው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችን ከገጠር እናታቸው ማዕድ አንሥተው ወደዚህ ማዕድ አምጥተዋቸዋል። ይህ ለውጥ በጤናቸው ላይ የሚያደርሰው ሁሉ ዛሬ ሳይሆን ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ የሚታይ ነው፤ በአንጀት ውስጥ የበቀለች ትንሽ ፖሊፕ ወደ ካንሰርነት ለመለወጥ ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመት ያህል ይፈጅባታልና።

አንድ የሐዋሳ ወጣት በዓይነ ምድሩ ላይ ደም ቢያይ መጀመሪያ የሚያስበው ኪንታሮት ነው፤ ሁለተኛ አሜባ ነው። የሐኪሙም ግምት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሐይቁ ዳር ለሚኖር ሰው ቢልሃርዚያም ሊታሰብ ይገባል። ግምቱ ስሕተት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነቱም ይኸው ነው። ችግሩ የሚጀምረው መድኃኒቱ ተወስዶ ደሙ ባልቆመ ጊዜ ነው። ሕመምተኛው ያንኑ የአሜባ መድኃኒት ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይገዛል፤ ኪንታሮት እንነቅላለን የሚል ማስታወቂያ ወዳለበት ቤት ይሄዳል፤ አፍሮ ለቤተ ሰቡ ሳይነግር ወራት ያልፋሉ። ከጥቂት ሳምንታት በላይ የቆየ ደም፣ ያለ ምክንያት የተለወጠ የአንጀት ልማድ፣ ሰገራ ሳይጨርሱ የመቅረት ስሜት፣ የክብደት መቀነስ፣ በተለይም በወጣት ወንድ ላይ የታየ የደም ማነስ፣ ዕድሜው 20ም ይሁን 30 ምርመራ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ከወላጆቹ ወይም ከወንድም ከእኅቱ አንዱ ከ50 ዓመት በፊት በዚህ በሽታ የተያዘበት ሰው ደግሞ ምልክት እስኪታይ መጠበቅ የለበትም። ምርመራውም የሚጀምረው በሐኪም ጣት ነው፤ ብዙዎቹን የመጨረሻው የአንጀት ክፍል ካንሰሮች ጣት ይደርስባቸዋል። ከዚያም ኮሎኖስኮፕ የሚባለው ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት በሙሉ ያሳያል፤ ፖሊፕ ከተገኘም በዚያው ይቆረጣል። የአሜሪካ መዝገቦች እንደሚያሳዩት በሽታው ከአንጀቱ ሳይወጣ ከተገኘ ከአሥር ሰዎች ዘጠኙ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ፤ ወደ ጉበትና ወደ ሳንባ ከተሻገረ በኋላ ግን ከስድስት ሰዎች አንዱ ያህል ብቻ ነው። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበረ፣ ለሐዋሳ ሕመምተኛ በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል 275 ኪሎ ሜትር መንገድና ረጅም ወረፋም ይገኝ ነበር።

በርኪት በ1972 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነው ተመረጡ፤ በዚያው ዓመት ስለ ሕፃናቱ ዕጢ ሥራቸው ከፍተኛውን የአሜሪካ የሕክምና ሽልማት፣ የላስከርን ሽልማት፣ ተቀበሉ። በ1979 ስለ አሰር ለተራው አንባቢ የጻፉት ትንሽ መጽሐፍ በብዙ ቋንቋዎች ተተረጎመ። ጡረታ ከወጡም በኋላ የንግግር ጉዟቸው አልቆመም፤ የዓይነ ምድር ፎቶግራፍ በታላላቅ ሊቃውንት ፊት ያለ ኀፍረት እያሳዩ፣ አዳራሹን ካሳቁ በኋላ ቁጥራቸውን ያቀርቡ ነበር። ሰው የሚያፍርበትን ነገር በግልጽ መናገር ከሥራቸው ቀላሉ ክፍል ነበር ማለት አይቻልም፤ በእንግሊዝም አገር ሰዎች ስለዚህ ነገር ለሐኪማቸው እንኳ ለመናገር ያፍሩ ነበርና። በመጨረሻ ዓመታቸው የኖሩት ግሎስተርሻየር በምትገኘው በቢስሊ መንደር ነው። በመጋቢት 1993 በ82 ዓመታቸው በግሎስተር ከተማ ሆስፒታል አረፉ፤ በመንደራቸውም ተቀበሩ።